ባለቤቱ የማይታይ ሱቅ

በአዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ የእኔ እኩያ፣ እናቱ በማለዳ የሰጠችውን ስሙኒ በመዳፉ ጨብጦ ለስኳር ወይም ለነጭ ጋዝ እየተላከ ነፍስ ያወቀ ሰው፣ ሱቅን ያለ ባለ ሱቅ፣ ባለ ሱቅንም ያለ ባንኮኒው አስብ ቢሉት አይሆንለትም፤ ከባንኮኒው ወዲህ ያለው የገዢ፣ ከባንኮኒው ወዲያ ያለው የሻጭ ግዛት ሆኖ ወሰኑ እጅግ የጸና ስለ ነበረ፣ ያንን ወሰን ተሻግሮ ከመደርደሪያው ላይ ሸቀጥ በገዛ እጁ ያነሣ ሰው ቢገኝ ስሙ ሌባ እንጂ ደንበኛ አልነበረም። ዛሬ ግን ነገሩ ሁሉ ተገለባብጦ፣ ገዢው ራሱ እንዲያነሣ፣ ራሱ እንዲሸከም፣ ራሱ እንዲመዝን፣ በመጨረሻም ሒሳቡን ራሱ እንዲሠራ ሲታዘዝ፣ ይህም መስተንግዶ ተብሎ ሲጠራ በዓይናችን አየን።

የዱሮው ባለ ሱቅ፣ ቀድሞ ከየመን ባሕር ተሻግሮ የመጣው ዐረብም ሆነ ኋላ ቦታውን የወረሰው ትጉሁ የጉራጌ ልጅ፣ ከነፍስ አባት ያላነሰ የምሥጢር ማኅደር ነበረ። ለሎሚና ለአስፕሪን የላከ እንደ ሆነ በሽታ የገባበትን ቤት፣ ስኳር በኪሎ መግዛት ትቶ በሩብ የጀመረ እንደ ሆነ ደመወዝ የዘገየበትን ቤት፣ ለስላሳ በሣጥን ያስጫነ እንደ ሆነ ሽማግሌ የሚቀበለውን ቤት ለይቶ ያውቃል። አባቱ «የኔ ልጅ ሲጋራ ባፉ አልዞረም» እያለ የሚምልለት ጎረምሳ በየማታው ስንት ፍሬ እንደሚገዛ ያውቃል፤ አውቆም ዝም ይላል፤ ዝምታውም የንግዱ አንድ ክፍል ነው። የሰፈሩ ሰው ስም በሁለት መዝገብ ተጽፎ ይኖራል፤ አንደኛው የዕድር፣ ሁለተኛው የዱቤ ነው። ከዕድሩ መዝገብ ሞት ይሰርዘዋል፤ ከዱቤው ግን ሞትም አይሰርዘውም፤ ወራሾቹ ከተዝካሩ በኋላ በትሕትና ይጠየቁበታልና። ይህን ስል ባለ ሱቁ ጻድቅ ነበረ ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ፤ አውራ ጣቱ በሚዛኑ ላይ በስሕተት የምታርፍበት ጊዜ ብዙ ነበረ፤ ስሕተቱም አንድም ቀን ለገዢው አድልቶ አያውቅም።

እንዲህ ካለው ሥርዓት ወጥቼ፣ ልጄ ከባለቤቷና ከልጆቿ ጋር በምትኖርበት በቨርጂኒያ፣ ከዋሽንግተን ከተማ ወንዝ ማዶ፣ እኔና ባለቤቴ ለጥቂት ወራት በእንግድነት ስንቀመጥ፣ የቅዳሜ ተግባራችን ወደ ታላላቆቹ መደብሮች መሄድ ሆነ። ከነዚህም አንዱ፣ ጣራው ዓይን እስኪፈዝ ድረስ የራቀ፣ ዕቃው በእንጨት መደላድል ላይ እንደ ተጫነ የተደረደረ፣ አባል ያልሆነ ሰው የማይገዛበት ቤት ነው። ጣራው ስለ ምን እንዲህ እንደ ራቀ ስጠይቅ የተነገረኝ ታሪክ ገረመኝ፤ የዚህ ዓይነቱ መጋዘን መሰል መደብር በኵር የሆነው ፕራይስ ክለብ እ.ኤ.አ. በ1976 በሳን ዲዬጎ ከተማ ሲከፈት ማደሪያው ያደረገው አሮጌ የአውሮፕላን ማቆያ ነበረ፤ በ1983 በሲያትል ከተቋቋመው ከኮስትኮ ጋር በ1993 ቢዋሐድም ያ የአውሮፕላን ጣራ ከቤተሰቡ አልወጣም።

ልማድ ነውና አስቀድሜ ባለ ሱቁን ሰላም ልበል ብዬ ዓይኔን ባንከራትት፣ ሠራተኛ እንጂ ጌታ የሚመስል ሰው አጣሁ። «የዚህ ቤት ጌታ የትኛው ነው?» ብዬ ልጄን ብጠይቃት፣ «አባዬ፣ ጌታ የለውም፤ የአክሲዮን ነው» አለችኝ። ጌታ ከሌለው ሰላምታው ለማን ይሰጣል? ስኳሩ እርጥበት የነካው እንደ ሆነስ አቤቱታው በማን ደጅ ይቀርባል? ይህን ሳወጣና ሳወርድ፣ ለጡረታዋ ከሚጠራቀመው ገንዘብ ላይ የዚሁ ኩባንያ አክሲዮን ጥቂት ድርሻ እንዳለበት አያይዛ ስታስረዳኝ፣ የቤቱ ጌታ ራሷ ሆና ሳለች ጋሪ መግፋቷና ወረፋ መጠበቋ የባሰ አስደነቀኝ።

የብዙዎቹ መደብሮች አሠራር፣ ምሳሌውን እንደ ድፍረት አትቍጠሩብኝና፣ የቤተ ክርስቲያናችንን ሦስቱን ክፍሎች ያሳስባል። በመግቢያው፣ በቅኔ ማኅሌቱ ስፍራ፣ አበባውና ፍራፍሬው በመብራት ደምቆ የመጣውን ሁሉ ያለ ልዩነት ይቀበላል፤ በመካከለኛው ክፍል ጣሳውና ጠርሙሱ፣ ብስኩቱና ሳሙናው በየረድፉ ይቆማል፤ ሁሉም የሚሻው ወተትና እንቁላል ግን በስተ ኋላ፣ በመጨረሻው ግድግዳ፣ በመቅደሱ ውስጥ ይገኛል። ወተት ብቻ ሊገዛ የገባ ምስኪን ያን ሁሉ መንገድ ሲሄድና ሲመለስ የፈተናውን ብዛት መገመት አያስቸግርም። ማቀዝቀዣው ከዕቃ ማራገፊያው በር እንዲቀርብ ነው የሚሉ አሉ፤ ምክንያቱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ጥቅሙ ግን ለማን እንደ ሆነ ከወተት ጋር ለልጅ ልጄ ተገዝቶ የተመለሰው የፕላስቲክ ዳይኖሶር ምስክር ነው።

ባንኮኒውን አፍርሶ ሰውን በሸቀጥ መካከል የለቀቀው ክላረንስ ሳንደርስ የተባለ የሜምፊስ ከተማ ነጋዴ ነው። ከእርሱ በፊት በአሜሪካም ቢሆን ገዢው ከባንኮኒው ወዲህ ቆሞ የሚሻውን ይናገር፣ ሠራተኛው እየወጣና እየወረደ ያቀርብለት ነበር። ሳንደርስ እ.ኤ.አ. በ1916 ፒግሊ ዊግሊ የተባለውን ሱቁን ሲከፍት፣ ለሠራተኛ የሚከፈለውን ገንዘብ አስልቶ፣ ገዢውን ያለ ደመወዝ ሠራተኛ አደረገው፤ በመግቢያው የሚሽከረከር በር አቆመ፤ ዘንቢል በእጁ አስያዘው፤ ዕቃውን ሁሉ ሳያይ እንዳይወጣም በአንዲት ጠመዝማዛ መንገድ አስኬደው። በሚቀጥለው ዓመት ለዚህ ፈጠራው የባለቤትነት መብት ተሰጠው፤ ሀብቱም እንደ ምኞቱ በዛ። ነገር ግን ሀብት የሰጠችውን ትዕቢት ሀብት ራሷ ትቀበላለችና፣ በኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ከባለ ገንዘቦች ጋር ተጋጥሞ በ1923 ኩባንያውን አጣ፤ በሮዝ እብነ በረድ ያሠራው የነበረው ቤተ መንግሥት የሚያህል ቤትም ሳይገባበት ቀርቶ የከተማው ሙዚየም ሆነ። ሰውየው ግን እልኸኛ ነበረና ሌላ የሱቅ ሰንሰለት አቋቁሞ «ክላረንስ ሳንደርስ፣ የስሜ ብቸኛ ባለቤት» ብሎ ሰየመው። ገንዘብና ቤት የተወሰደበት ሰው ስሙ እንዳይወሰድበት በበሩ ላይ ጽፎ መስቀሉ፣ ለእኔስ ከፈጠራው ሁሉ ይልቅ ይህ ያሳዝነኛል።

የጋሪውም ነገር ከዚሁ የሚቀጥል ነው። ገዢው ዘንቢል በያዘበት ዘመን ክንዱ ሲዝል መግዛቱን ያቆም ነበር፤ የዘንቢሉ ክብደት የገዢው ኅሊና ነበረ። በኦክላሆማ ከተማ የሱቆች ባለቤት የነበረው ሲልቫን ጎልድማን ይህን አስተውሎ፣ ታጣፊ ወንበር አይቶ፣ እግሩ ላይ መንኰራኵር፣ መቀመጫው ላይ ቅርጫት ቢደረግ ብሎ እ.ኤ.አ. በ1937 የመጀመሪያውን የገበያ ጋሪ አወጣ። ሰው ግን እምቢ አለ። ጎበዛዝቱ «ዘንቢል መሸከም ያቃተን መሰለህን?» አሉ፤ እናቶቹም የሕፃን ጋሪ ስንገፋ ኖረን ደግሞ ለዚህ ሲሉ አኮረፉ። ጎልድማን በዚህ ጊዜ ያደረገው ብልኀት ለጥቂቶች ብቻ የተሰጠ ነው፤ ወጣቱንም ሽማግሌውንም በደመወዝ ቀጥሮ፣ ገዢ መስለው ጋሪ እየገፉ በሱቁ ውስጥ እንዲመላለሱ አዘዘ፤ ሕዝቡም ይህን አይቶ ተከተለ። እነሆ በዓለም ላይ ያለ ሰው ሁሉ፣ እኔም በእርጅናዬ፣ የእነዚያን ቅጥረኞች ፈለግ ተከትለን እንገፋለን።

ስለ ባርኮዱ ብዙ አልናገርም። ጆሴፍ ዉድላንድ የተባለ ሰው በማያሚ የባሕር ዳር ተቀምጦ ጣቶቹን በአሸዋ ላይ ሲስብ ያገኘው ሐሳብ ነው ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1952 የባለቤትነት መብት ቢያገኝበትም በሱቅ ሥራ ላይ የዋለው በሰኔ ወር 1974 ሲሆን፣ ኦሃዮ ውስጥ በምትገኘው በትሮይ ከተማ በመጀመሪያ የተነበበበት ሸቀጥም አንድ እሽግ ማስቲካ ነበረ። የዚያ የአሸዋ ላይ ጽሕፈት ፍሬ ግን በእኔ ላይ የደረሰው፣ ስሙን በማልጠራው አንድ መደብር ውስጥ፣ ሰው ሳይኖር መኪና ብቻውን ሒሳብ በሚቀበልበት ጥግ ነው። መኪናው የተነበበውን ዕቃ ሁሉ በአጠገቡ ባለች ጠፍጣፋ ሚዛን ላይ ሲያስቀምጡለት ይመዝናል፤ ልጄ ዳቦውን ስታስነብብ እኔ እጄን ለማሳረፍ ከዘራዬን በዚያች ሚዛን ላይ አጋደምሁ። ወዲያውኑ መኪናው በሴት ድምፅ መጮኽ፣ ቀይ መብራት ማብራት፣ ሥራውን ማቆም ሆነ። ያልተከፈለበት ዕቃ አገባችሁ ማለቱ ነው። ከዘራው አያቴ ለአባቴ፣ አባቴ ለእኔ ያወረሰኝ የወይራ ከዘራ መሆኑን በአማርኛ ባስረዳውም አልሰማኝም። አንዲት ወጣት ሠራተኛ መጥታ ከዘራውን በሁለት እጇ አንሥታ እጅ ነሥታ እስክትሰጠኝ ድረስ ሰው ሁሉ ዞሮ ይመለከተን ነበር። የእኛ ባለ ሱቅ ቢሆን ኖሮ ከዘራውን በሩቅ አይቶ ማን እንደ መጣ ያውቅ ነበር።

በሁዳዴ ጊዜ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። በቅዳሜና በእሑድ፣ በየረድፉ ራስ ላይ፣ ነጭ ቆብ የደፉ ሴቶች ከትናንሽ ጠረጴዛ ኋላ ቆመው አይቡንና ቋሊማውን በስንጥር ወግተው አላፊውን ሁሉ ያለ ዋጋ ቅመስ ይሉታል። በጾም ወራት እንዲህ ያለ ልግስና ከየት እንደሚላክ አባቶች ያስተማሩንን አስታውሼ በመስቀል ምልክት ራሴን ባማትብ፣ ሴትዮዋ የምግብ ጸሎት መስሏት ሁለተኛ ስንጥር ጨመረችልኝ። ባለቤቴ ግን ለጾም የሚሆን ነገር ፍለጋ ዳቦውን ሁሉ እያገላበጠች፣ በልጃችን ዓይን የእያንዳንዱን ጀርባ ስታስነብብ ውላ፣ ወተት የሌለበትን ዳቦ ለማግኘት ረድፉን ሁሉ ጨረሰች። በመጨረሻም ከአጃ፣ ከለውዝና ከአኩሪ አተር የተሠራ፣ መልኩም ማሸጊያውም የላም ወተት የሚመስል መጠጥ የሞላበት አንድ ረጅም መደርደሪያ አገኘችና ቆመች። «ሕጉ ይፈቅደዋል፤ ዓይኔ ግን አልፈቀደውም» ብላ ትታው ሄደች፤ ይህም ከሊቃውንት ያልሰማሁት ፍትሐዊ ብይን ነው።

እስካሁን ያማሁትን ያህል አሁን ስለ ዋጋው እውነቱን መናገር ይገባኛል። መርካቶ የገባ ሰው እንደሚያውቀው፣ በእኛ ዘንድ ዋጋ የሚወጣው ለዕቃው ሳይሆን ለገዢው ነው፤ ነጋዴው ጫማህን አይቶ፣ ንግግርህን ሰምቶ፣ የቸኰልህ መሆንህንና አለመሆንህን መርምሮ አንድ ቍጥር ይጠራል፤ አንተም የተጠራውን ግማሽ ጠርተህ፣ ሄድሁ ብለህ ተመልሰህ፣ ተምሎ ተገዝቶልህ ከመካከል ትገናኛላችሁ። ይህ ክርክር ለአፈኛ ጨዋታ፣ ለዓይነ አፋር ግን ቅጣት ነው፤ ከገጠር የመጣ ድኻም ከከተሜው ይልቅ አስበልጦ የሚከፍልበት ጊዜ ብዙ ነው። በፓሪስ ከተማ አሪስቲድ ቡሲኮ የተባለው ነጋዴ ቦን ማርሼ በተባለው መደብሩ ከ19ኛው ምዕት ዓመት አጋማሽ ጀምሮ ዋጋውን በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ጽፎ በመለጠፍ ይህን ክርክር አስቀረው፤ ከዚያም ወዲህ ለዳኛውም ለጠራጊውም፣ ለአፈኛውም ለዲዳውም ዋጋው አንድ ሆነ። እኔ ይህን እንደ ታላቅ ፍትሕ አየዋለሁ። ኮስትኮ ቋሊማ በዳቦ ከለስላሳ ጋር እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በ1 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይሸጣል፤ እስከ ዛሬም አልጨመረም። ሻይ በወር ሁለት ጊዜ ለሚጨምርበት የአዲስ አበባ ሰው ይህ ተአምረ ማርያም ውስጥ ያልተጻፈ ተአምር ነው።

ባለቤቴ ግን በዚህ ነገር ከእኔ ጋር አልተስማማችም። ያለ ክርክር የተገዛ ዕቃ የተሰረቀ ይመስላታል። አንድ ቀን የሽንኩርት ጆንያ ካስመዘገበች በኋላ «ምርቃት ጨምርልኝ በይልኝ» ብላ ልጃችንን ብታዝዛት፣ ልጃችን በኀፍረት መሬት ልትገባ ሆነች፤ ሳትተረጕምላትም ቀረች። በዚያ አገር ክርክር ጨርሶ ባይጠፋም ወደ ወረቀትና ወደ ስልክ ተሸሽጎአል፤ የቅናሽ ኩፖን የሚቆርጥና የሚያከማች ሰው በመቀስ ይከራከራል እንጂ በአፉ አይከራከርም። ዋጋውም ቍርጥ ነው ቢባል፣ በመደርደሪያው ላይ 9 ዶላር ከ99 ሳንቲም ተብሎ የተጻፈው መክፈያው ዘንድ ሲደርስ የሽያጭ ግብር ተጨምሮበት ከ10 ያልፋል፤ አንዲቷ ሳንቲም የጎደለችው ለእኛ አዝና እንዳልሆነ ያን ጊዜ ይታወቃል።

የሽንኩርቱን ነገር ካነሣሁ፣ ለፋሲካና ለገና ሰሞን በዚያ አካባቢ ያለውን የመጋዘን መደብር የጐበኘ ሰው የአገሩን ልጆች ፊታቸውን ሳያይ በጋሪያቸው ይለያቸዋል፤ አንድ ትልቅ የሽንኩርት ከረጢት፣ 60 እንቁላል በአንድ ካርቶን፣ የዶሮ እግር በጥቅል፣ ይህ ሁሉ በአንድ ጋሪ ከታየ ገፊዋ ለዶሮ ወጥ የምትዘጋጅ መሆንዋ አያጠራጥርም። ከገንዘብ ተቀባዮቹም መካከል የእኛ ልጆች አሉ። አንዲቱ ልጅ በደረቷ ላይ የተለጠፈውን ስሟን አንብቤ ሰላም ብላት፣ «እንዴት ነዎት አባባ፣ መቼ ገቡ? አገር ቤት ደኅና ነው? ዝናቡ እንዴት ከረመ?» እያለች ስትጠይቀኝ፣ እኔም እንደ ሥርዓቱ ስመልስ፣ ከኋላችን የተሰለፈው ሕዝብ ጋሪውን ይዞ በትዕግሥት ቆመ። ያ ሰፊ ቤት በዚያች ጥቂት ደቂቃ ባለ ሱቅ አገኘ።

የሚገርመው ግን ይህ ነው፤ ያ ሁሉ ዕቃ ተገዝቶ መኪናው ከሞላ በኋላ፣ ልጄ ወደ ቤት አልተመለሰችም። ወደ አንዲት ጠባብ የአበሻ ሱቅ ነዳን። እንጀራው፣ ጥሬ ቡናው፣ በርበሬውና ኮረሪማው ከዚያ ነው የሚገዛው። በመስተዋቱ ላይ የሚከራይ ክፍል፣ የጠፋ ፓስፖርት፣ የማኅበር ጥሪ፣ የለቅሶ መርዶ ተለጥፎአል፤ ሴትዮዋ ከባንኮኒው ኋላ ተቀምጣ፣ እንጀራው ከሰዓት በኋላ እንደሚደርስ፣ የእገሌ እናት ከአገር ቤት እንደ መጡ፣ የእገሊት ልጅ ዩኒቨርሲቲ እንደ ገባች ትናገራለች። በአሌክሳንድሪያና በሲልቨር ስፕሪንግ እንዲህ ያሉ ሱቆች ብዙ ናቸው። ታላላቆቹ መደብሮች በተተከሉበት አገር ወገኖቻችን የሰፈራቸውን ሱቅ እንደ ገና ሠርተው መገኘታቸውን ሳይ፣ የዚያችን ባንኮኒ ኀይል ተረዳሁ።

ታላቅነትም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም። ኤ ኤንድ ፒ የተባለው የሻይና የግሮሰሪ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1930 ገደማ ከ15,000 በላይ ሱቆች ነበሩት፤ በ2015 ከሰረና ተዘጋ። ሲርስ በየገበሬው ቤት ካታሎጉን ያስገባ ነበር፤ በ2018 ወደ ኪሣራ ፍርድ ቤት ሄደ። በ1962 ሮጀርስ በምትባል የአርካንሶ ከተማ በአንዲት ሱቅ የጀመረው ዎልማርት ዛሬ ከ10,000 በላይ ሱቆች ቢኖሩትም፣ ጀርመን ገብቶ ሳይሆንለት ቀርቶ በ2006 ለቆ ወጥቶአል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ቅርንጫፍ ያለው ንግድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በምኒልክ ዘመን የገባው የህንዶቹ የመሐመድ አሊ ንግድ ቤት፣ ጣልያን በወረራው ጊዜ እስኪያባርረው ድረስ በየከተማው ቅርንጫፍ ነበረው፤ በደርግ ዘመንም የቀበሌው ኅብረት ሱቅ በየሰፈሩ ተተክሎ፣ ስኳርና ሳሙና ለመቀበል ደብተር ይዘን ከንጋት ጀምሮ ተሰልፈናል፤ እዚያም ጌታ አልነበረም፤ እዚያ ግን ዕቃውም አልነበረም። የችርቻሮ ንግድ ለአገር ልጅ ብቻ ተከልሎ ኖሮ፣ በ2016 ዓ.ም. በወጣው መመሪያ የውጭ ባለ ሀብት እንደ ደንቡ እንዲገባበት ተፈቅዷል። እንግዲህ ያ ሰፊ ጣራ ዛሬ ወይም ነገ ወደ እኛም ይመጣል፤ ሲመጣም የተጻፈ ዋጋና የማይሰርቅ ሚዛን ይዞ ቢመጣ አልጠላም፤ የእኛም ባለ ሱቅ አውራ ጣቱን ከሚዛኑ ላይ እንዲያነሣ ቢያስተምረው መልካም ነው። ነገር ግን ትልቁ ኩባንያ ወር ሙሉ ሳይሸጥ ቢቆይ የሚያበድረው ባንክ አለው፤ የሰፈራችን ባለ ሱቅ ያለው ባንክ ግን ያ የዱቤ ደብተር ነው፤ በእርሱም ውስጥ የተቀመጠው ገንዘብ በእኔና በእናንተ ኪስ ነው ያለው። ስለዚህ አንባብያን ሆይ፣ ስማችሁ በዚያ ደብተር ላይ ያለ ሁሉ፣ ደመወዝ በወጣበት በዚህ ሳምንት ጎራ ብላችሁ ሒሳባችሁን እንድትዘጉ እለምናለሁ፤ እኔ የራሴን ትናንት ማታ ከፍዬአለሁ።